አባ ደንበል

የእኛ አገር ሰው ፈረስ ሲገዛ ስምም አብሮ ይገዛል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው የቀሩት በፈረሶቻቸው ነው። ፈረሶቹ ከመገዛታቸው በፊት ግን ማን እንደጋለባቸው፣ በየትኛው ሜዳ እንደተሞከሩ የነገረን የለም። ቢነግሩን ኖሮ እኔና የአክስቴ ልጅ ባቱ ከተማ ላይ ያየነውን አበሳ ባላየን ነበር።

የአክስቴ ልጅ ሽንኩርት ከማሳ ወደ ገበያ ሊያመላልስ ጋሪ ገዛና ፈረስ ፍለጋ ጀመረ። እኔን ያስጠራኝ አያታችን ባለፈረስ ስለነበሩ ነው። በእሱ ቤት የፈረስ ዕውቀት በዘር ይወርዳል። ለእኔ የወረደልኝ ጥርስ ማየት ብቻ ነው፦ ፈረስ 5 ዓመት ሲሞላው የፊት ጥርሱን ቀይሮ ይጨርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜው የሚገመተው ጥርሱ እንደተበላው መጠን ነው።

ፈረሱ ዳማ ነው፣ ግንባሩ ቦራ። ደላላው ከአርሲ ደጋ በኦጎልቾ በኩል የወረደ መሆኑን ምሎ ተገዝቶ ነገረን። «ጋሼ፣ ይኼ ገብስ በልቶ ያደገ ነው!» አለኝ። ጥርሱን ገልጬ አየሁ፤ ሙሉ ነው። ደረቱንና እግሩን ዳበስኩ፤ የጋሪ ፈረስ የኮርቻና የገመድ ቁስል ካለበት በዚያ በኩል ፈንገስ እየገባ ቆዳውን በእባጭ ይፈጀዋል። ምንም የለበትም። ሰኮናውን አነሳሁ፤ ደህና ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ የገዛውን ነገር ቶሎ እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይውል ሳያድር ለሻጩ እንዲያስታውቅ እንደሚያዝ ለደላላው አስረዳሁት። «ሕጉን ለዳኛ ተወውና ውጣበት» አለኝ።

ወጣሁበት። ሶምሶማው ወገብ አይነካም። ባጃጅ ጆሮው ሥር ጥሩንባ ሲነፋበት ዞር ብሎም አላየ። ወደ ሐዋሳ የሚወርድ የጭነት መኪና በአጠገቡ ሲያልፍ ጆሮውን ብቻ ቀሰረ። የአክስቴ ልጅ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ ጥላ ሥር ሽንኩርት ዘርግተው የተቀመጡ አንዲት እናት ሳይጠየቁ ፈረዱ።

«ባዶውንማ ማን አይሮጥም ልጄ? ጫኑበት እንጂ!»

የሚጫነው ጭነት ደግሞ የእሳቸው ሆነ። ጆንያዎቻቸውን አወጣን፤ በላዩ እሳቸው ወጡ፤ መነኸሪያ ድረስ ልናደርሳቸው ተስማማን። ስንጭን፣ ስናስር፣ ስንከራከር ቀትር ደረሰ።

ፈረሱ ጭነቱን ሲስብ ቅር አላለውም። ችግሩ መታጠፊያው ላይ መጣ፤ እኛ ወደ መነኸሪያ፣ እሱ ወደ ደንበል ሐይቅ። የአክስቴ ልጅ ዛቡን ሳበ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻም ለመነ። ፈረሱ ግን መንገዱን ያውቀዋል። ቆሮሶ ዓሣ የሚያርዱ ልጆችን አልፎ፣ ፍርፋሪ የሚጠብቁ አባ ኮዳ ወፎችን በትኖ፣ ከነጋሪው፣ ከነሽንኩርቱ፣ ከነእናትየው ሆዱ እስኪነካ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

ደንበል ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ለሽንኩርት ይበቃል። ጆንያው ተፈታና ሽንኩርቱ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት አቅጣጫ ጉዞ ጀመረ። የአክስቴ ልጅ ዋና አይችልም፤ ሐይቁ ጉማሬ እንዳለበትም ያውቃል፤ ስለዚህ የጋሪውን እንጨት እንዳቀፈ ቀረ። እኔ ሽንኩርት ለቀማ ገባሁ።

ዳር ላይ ፈረስ የሚያጥቡ ባለጋሪዎች በሳቅ ወደቁ። «ሰዓቱ ነዋ!» አለ አንዱ። ለካ ፈረሱ እዚያው ባቱ ውስጥ ለዓመታት ጋሪ ሲጎትት የኖረ ነው፤ ቀትር ሲሆን ደንበል ዳር ይታጠባል። ደላላውን ያዝነው።

«ከአርሲ ነው አላልክም?»

«ነው እንጂ! መቼ እንደመጣ መች ጠየቃችሁኝ?»

ይህን ጊዜ እናትየው ከጆንያው አናት ላይ ሆነው ሁለተኛውን ፍርድ ሰጡ፦ «ዋጋውን ይቀንስ። ፈረሱ ግን ጥሩ ነው፤ ጭኖ ውሃ ገብቶ አልደነገጠም።» ደላላው እየተነጫነጨ ቀነሰ፤ የጠፋው ሽንኩርት ከዋጋው ላይ ተነሳላቸው፤ ገዛነው። ባለጋሪዎቹም እንደ ጥንቱ ወግ የአክስቴን ልጅ በፈረሱ ጠሩት፦ አባ ደንበል። እናቱ ያወጡለትን ስም ዛሬ ባቱ ውስጥ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ፈረስ ልትገዙ የምታስቡ ሁሉ፣ ጥርስና ሰኮና ማየቱ ደግ ነው፤ ግን ዕድሜና ጤና እንጂ ዐመል አይነግራችሁም። በምትሠሩበት ሰዓት፣ በምትሄዱበት መንገድ፣ የምትጭኑትን ጭናችሁ ሞክሩት፤ ጭነቱም የራሳችሁ ይሁን። ባቱ ላይ ዕቃ የምታስጭኑም አባ ደንበልን ጥሩት፤ ዋጋው ደህና ነው። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ግን አትጥሩት፤ ፈረሱ አይመጣም።