የነኩት ሁሉ አዲስ ነው

የብዙ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ «አዲስ ማስታወቂያዎች» የሚል ዓምድ አያጣም። ገባ ብላችሁ ስታዩት ከአናቱ ላይ የተቀመጠው ጊዜው ካለፈ ሦስት ዓመት የሞላው ጨረታ ነው። ትናንት የወጣው የቅጥር ማስታወቂያ ደግሞ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከ2009ኙ የጽዳት ዘመቻ ሥር ተቀብሯል። ሥራ ፈላጊው ፈልጎ እስኪያገኘው የምዝገባው ቀን ያልፋል። ለምን ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አጭር ነው፤ «ሲስተሙ ነው።»

ሲስተም የተባለው አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠች አጭር የፒኤችፒ ኮድ ናት። ፎልደሩን ትከፍታለች፣ ፋይሎቹን ትዘረዝራለች፣ ከዚያም ፋይልኤምታይም በሚባለው ትእዛዝ እያንዳንዱን «መጨረሻ የተቀየርከው መቼ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው፤ ቁጥሩ የበለጠ ከላይ ይቀመጣል። ኮዷ የታዘዘችውን ሠርታለች። የጠየቋት ፋይሉ መቼ እንደተነካ ነው፤ የፈለጉት ግን ማስታወቂያው መቼ እንደወጣ ነበር።

ይህን ምስጢር ቀድሞ የሚደርስበት ባለሙያው እንዳይመስላችሁ። አንዱ የክፍል ኃላፊ የቆየ ማስታወቂያውን ያስወርድና አንዲት ነጥብ አስጨምሮ መልሶ ያስጭነዋል፤ ማስታወቂያው ከላይ ፊጥ ይላል። ወሬው በሻይ ሰዓት ይዛመታል። በማግሥቱ ግዥ የሥልጠናን፣ ሥልጠና የሰው ሀብትን ለመብለጥ ሁሉም የየራሱን ሲነካካ ያረፍዳል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንድም አዲስ ነገር ሳይወጣ ዓምዱ እንዳለ አዲስ ሆኗል።

ከዚያ ሰርቨር ይቀየራል። ሊኑክስ ላይ ሲፒ የሚባለው የመገልበጫ ትእዛዝ «የድሮውን ሰዓት ጠብቅ» ካልተባለ፣ ለቅጂው ሁሉ የተገለበጠበትን ሰዓት ይሰጠዋል። የአሥር ዓመት ሰነድ በአንድ ረፋድ ይወለዳል። ኮድ ጻፊው ሰከንዱን ራሱን የዝርዝሩ ቁልፍ አድርጎት ከሆነ ደግሞ ጉዱ ይብሳል፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የተገለበጡት እርስ በርስ እየተደራረቡ ከመቶው ማስታወቂያ የሚታየው ጥቂቱ ብቻ ይሆናል። አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል። «ማን ሰረዘው?» የሰረዘ የለም፤ ፋይሎቹ ፎልደራቸው ውስጥ በሰላም ተቀምጠዋል።

መፍትሔ አይጠፋም። አንዱ ፋይልሲታይም የሚባለው ትእዛዝ ፋይሉ የተፈጠረበትን ሰዓት ይሰጣል ብሎ ፋይልኤምታይምን በእሱ ይተካዋል። ሊኑክስ ላይ እሱም የሚሰጠው የፋይሉ መረጃ መጨረሻ የተለወጠበትን ሰዓት ነው፤ የባለቤቱን ስም ወይም የመክፈቻ ፈቃዱን መቀየር ብቻ ይበቃዋል። ሌላው ቀኑን ፋይሉ ስም ላይ እንጻፍ ይላል፤ የሚጽፈው ግን ቀኑን አስቀድሞ ነው። ስም የሚወዳደረው ከግራ ፊደል በፊደል ስለሆነ 30-01-2010 ከ02-11-2017 በልጦ ከላይ ይሰየማል። ወሩን በፊደል የጻፈም አለ። ለእሱ ዓመቱ በሐምሌ ይጀምራል፣ መስከረምና መጋቢት ይከተላሉ፣ ጥር ከጥቅምት ይቀድማል። በዚህ ሁሉ ግርግር ቦታዋን ያልለቀቀችው ጳጉሜን ብቻ ናት፤ መጨረሻ ላይ ትገኛለች።

የሚገርመው፣ የሚፈለገው ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ማስታወቂያውን የሸኘው ደብዳቤ ከቀኝ ከላይ «ቁጥር» እና «ቀን» የሚል አለው። መዝገብ ቤት ያለችው ሠራተኛ ወጪ ብላ በመዝገብ ይዛዋለች፤ አቧራውን ስለጠረገችው የ2009ኙ ደብዳቤ የዛሬ ሆኖባት አያውቅም። ግን እሷን ስብሰባ የሚጠራት የለም፤ የአይቲ ሰው አይደለችማ።

በመጨረሻ አንድ አስተዋይ ይነሳና ነገሩን ያቀናዋል። ማስታወቂያ የሚጭን ሁሉ የወጣበትን ቀን በተለየ ሳጥን እንዲሞላ፣ ዓመት ቀድሞ ወርና ቀን እንዲከተል ያደርጋል። አሁን ፋይሉን ቢነካኩት፣ ቢገለብጡት፣ ሰርቨር ቢቀይሩ ቅደም ተከተሉ አይናጋም። ሁሉም ክፍል በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2017 ብሎ ሞላ። ከውጭ ድርጅቶች ጋር የሚጻጻፈው ክፍል ብቻ እንደ ልማዱ በፈረንጅ አቆጣጠር 2025 ብሎ ሞላ። ይህ ክፍል ያወጣት የአንድ ቀን ዐውደ ጥናት ማስታወቂያ ለሚቀጥሉት ሰባት ዓመታት ከምናምን ከላይ አትወርድም። ለጠየቀ ሰው መልሱ ተዘጋጅቷል፤ «ሲስተሙ ነው» ይባላል።