ያሳረረ ይፈቅፍቅ፦ ስለ ድስት በቢጠና የወጣ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የቢጠና ሰው፣ የወላይታ ጓዳ ሁሉ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ እስከ ብላቴ ዳር ድስት ጥደህ የምታመሽ፣ ወደ መሰብሰቢያችን ወደ ዱቡሻው ቅረብ። ስልክህን ግን ቤት ትተህ ና፤ ድስቱ ያረረው በእሱ ሰበብ ነውና።

ክልላችን በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ሶዶ መቀመጫ ሆና፣ የቀሩት ቢሮዎች ለአርባ ምንጭ፣ ለዲላ፣ ለሳውላ፣ ለጂንካና ለካራት ሲደለደሉ፣ ቢጠና አንድም ቢሮ ሳይደርሳት በመቅረቱ፤

ያረረ ድስት ደግሞ በየቤቱ ሞልቶ ሳለ የትኛውም ከተማ “ለእኔ ይሰጠኝ” ያላለው ዘርፍ ሆኖ በመገኘቱ፤

አሳራሪው አንድ፣ ፈቅፋቂው ሌላ የሚሆንበት አሠራር ሥር ሰዶ፣ ወንድም ያሳረረውን እህት፣ አማት ያሳረረችውን ምራት ስታጥብ ዘመን በመቆጠሩ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ “ያሳረረ ይፈቅፍቅ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። “ያረረበት ያማስላል” የሚለው የአባቶች ሕግ እንደጸና ይቆያል። ነገር ግን ያ ሕግ ማን እንደሚያማስል እንጂ ካረረ በኋላ ማን እንደሚያጥብ ስለማይናገር ጉድለቱ በዚህ አዋጅ ተሟልቷል።

አንቀጽ 2። በአገራችን ሕጎች ውስጥ “በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ያካትታል” የምትል ሐረግ አትጠፋም። በድስት ጉዳይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ስለኖረ፣ አጠበች፣ ፈተገች፣ እጇ ተላጠ የሚለው ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ወንድንም ያካትታል። “እኔ ድስት ማጠብ አልችልበትም” ያለ አባወራ ሞተር ሳይክሉን በላርጎ ሲያብለጨልጭ ከተገኘ፣ ችሎታው በማስረጃ እንደተረጋገጠ ይቆጠራል።

አንቀጽ 3። መብራት ሲጠፋ ምድጃውን ከሶኬት ሳይነቅል ጎረቤት ቡና ሊጠጣ የሄደ ሰው፣ መብራቱ እሱ በሌለበት መጥቶ ሽሮውን ቢያሳርረው “መብራት ነው” ብሎ ማመካኘት አይፈቀድለትም። መብራቱ የራሱ ብዙ ክስ አለበት፤ ይሄ አይጨመርበትም። ሽሮና ገንፎ ዱቄታቸው እየወረደ ከሥር ስለሚይዝ ማማሰያቸው ዕረፍት አይወጣም።

አንቀጽ 4። የዚህ አዋጅ ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ ስለሆነ ከኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉ። ድስት ያሳረረ ሰው መጀመሪያ ሽቦ አያነሳም። እሳቱን አጥፍቶ፣ ያልያዘውን የላዩን ወጥ ሳያማስል ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለብጣል። ካማሰለው ሽታው ሁሉንም ይወርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ዳታ በርበሬም አያድነው። ቀጥሎ ድስቱ ሲበርድ ያረረውን የሚሸፍን ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮ ለዘብ ባለ እሳት ላይ መልሶ ይጥደዋል። (እዚህ ላይ “ያሳረረውን እሳት መልሰን?” የሚል ጥያቄ ከጉባኤው ተነሥቶ ነበር። አዎ፣ መልሰን፤ አሁን ግን ውሃ አለበት።) ውሃው ከፈላ በኋላ ጥቁሩ ንጣፍ በጠርዙ በኩል መገንጠል ይጀምራል፤ ሥሩ ላይ የእንጨት ማንኪያ አስገብቶ ቀስ እያሉ ማንሣት ነው። አልነሣ ያለው ይዘፈዘፍና ያድራል። የተረፈውን የእንሰት ቃጫ ይጨርሰዋል።

“ይራስ ብዬ ነው” የሚለው መልስ የሚያገለግለው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ውሃ የሞላ ድስት ከጓሮ ደብቆ ቀናት ያሳለፈ ሰው ይርጋ ለመጠበቅ እንደሞከረ ይቆጠራል።

አመድን በተመለከተ፦ አመድ ነባርና የተከበረ ሠራተኛ ነው። በውስጡ ያለው ፖታሽ ቅባት ሲያገኝ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል፤ እማማዎቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ያወቁት ይህንን ነው። ነገር ግን ብረት ድስት የምንለው አብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ አመድም ሆነ ሶዳ ከቆየበት ይበላዋል፣ ያጠቁረዋልም። ስለዚህ በአመድ ያሸ ወዲያው ያለቅልቅ። አንዴ የጠቆረ እንደሆነ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ትንሽ ቢፈላበት መልኩ ይመለሳል።

አንቀጽ 5። የሸክላ ድስት በሳሙና አይታጠብም። ሸክላ ውስጡ በማይታይ ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ሳሙናውን ይጠጣና ለሚቀጥለው ዶሮ ወጥ ያወርሰዋል። ሙቅ ውሃና ቃጫ ይበቃዋል። ትኩስ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የደፋ በስንጥቁ ይጠየቃል።

አንቀጽ 6። ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ የመጣን፣ ምግብ የማይጣበቅበት ድስት በሽቦ የፈተገ ሰው ለዘመዱ ራሱ ደውሎ ይንገር። የዚያን ሽፋን ቅመም ሮይ ፕለንኬት የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በ1938 እ.ኤ.አ. ሳያስበው ነበር ያገኘው፤ እኛ ደግሞ እያየን እናጠፋዋለን።

አንቀጽ 7። ይህ አንቀጽ ፌዝ የለበትም። ለእልኸኛ ጥቁረት ብሎ በረኪናን ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር መቀላቀል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ በተዘጋ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። በረኪና አሉሚኒየምንም ይበላል፤ ያረረን ለመፋቅ ከቶ አያስፈልግም።

አንቀጽ 8። በእንጨት የምታበስል፣ ድስቱን ከመጣድህ በፊት ጀርባውን አመድ በውሃ ለውሰህ ቀባው። ጥቀርሻው ልባሱ ላይ ቀርቶ ሳይቆይ ከልባሱ ጋር ይታጠባል።

አንቀጽ 9። ምሕረት። የእግር ኳስ ክለባችን ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ዛማሌክን በፍጹም ቅጣት ምት ባስወጣበት ምሽት በዞኑ ውስጥ ያረረ ድስት ሁሉ በነፃ ተለቋል፤ በዚያች ሰዓት ምድጃ አጠገብ ተገኝቶ የነበረ ካለ ነው ምክንያቱን የሚያስረዳው። ይህ ምሕረት ለአውሮፓ ሊግ ጨዋታ አይሠራም።

አንቀጽ 10። ያረረ ድስት ይዞ ወደ ዘመን መለወጫችን ጊፋታ መሻገር ክልክል ነው። ያሳረረውን ለሌላ ያሳጠበ፣ የበዓሉ ምግብ ሙቹዋ ሲታደል የእሱ ድርሻ ከድስቱ ሥር ተፍቆ ይሰጠዋል። ይግባኝ የሚባለው ለአጣቢዋ ብቻ ነው።

ይህ አዋጅ በዱቡሻው ከተነበበበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ወጥ ጥደህ የመጣህ ካለህ፣ ጭብጨባው ይቅርብህና ሮጥ ብለህ ሂድ፣ አማስል።