የማን ጫማ?

የሰርፊንግ (በሰሌዳ ማዕበል የመጋለብ) ትንበያ የሚያነብ ሰው ከሁሉ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው አንድ ቁጥር ላይ ነው፤ የሚያናድደውም ያው ቁጥር ነው። በታሂቲ ደሴት ቴአሁፖኦ ለሚባለው የኮራል ድንጋይ ጠረፍ እንዲህ ተብሎ ተጻፈ እንበል፦ «ነገ ጠዋት ከ6 እስከ 8 ጫማ፣ 16 ሰከንድ፣ ከደቡብ ምዕራብ፣ ለስላሳ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር።» ከጫማው በቀር ሁሉም ደህና ነው። ሰከንድ ሰከንድ ነው፤ ደቡብ ምዕራብም ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ነፋሱም ከየብስ ከነፈሰ ማዕበሉን ደግፎ ያቆመዋል፣ ከባሕር ከነፈሰ ያፈርሰዋል፣ አለቀ። ጫማው ግን የማን ጫማ ነው? ከየት ተነሥቶ የት ድረስ? ከፊት ነው ከኋላ? አውሮፕላን ውስጥ «በ30 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ እንገኛለን» ሲባል ከወንበሩ ተነሥቶ የሚከራከር ተሳፋሪ የለም። ማዕበል ላይ ሲደርስ ግን ያው ጫማ እንደየባለቤቱ እግር ይሰፋል፣ ይጠባል። ይህን እንዳላዩ ማለፍ ይቻል ነበር። እኔ አልቻልኩም።

የመጀመሪያውን ተቃውሞ እኔው ላንሣው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ሽሮውን የሚበላ ሰው በታሂቲ ማዕበል ቁመት ምን ጥልቅ አደረገው? ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ግን አጭር ነው፦ ስለ ማዕበል ቁመት የሚነግሩን ሁሉ ባለጉዳዮች ናቸው። የጋለበው ሰው ማዕበሉ እንዲያድግለት ይፈልጋል፤ ሳይጋልበው የቀረው እንዲያንስለት ይፈልጋል፤ ሰሌዳ የሚያከራየው ደግሞ ለሁሉም ገበያ ልክ እንዲሆንለት ይጸልያል። ለሽምግልና ደግሞ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ይጠራል እንጂ ባለጉዳይ አይቀመጥም። በዚህ መመዘኛ ከእኛ የተሻለ ገለልተኛ አይገኝም፤ የቆምንበት ደረቅ መሬት ነው። ደግሞስ ውኃ ስንለካ መቼ አፍረን እናውቃለን? ክረምት ወንዝ ዳር የደረሰ መንገደኛ ጥልቀቱን ሲጠይቅ «እስከ ጉልበት ነው» ይባላል እንጂ ቁጥር አይነገረውም። ያው የተናገረው ሰው ጉልበት የት ላይ እንደሆነ ዓይቶ መሻገር የመንገደኛው ፋንታ ነው።

አሁን ወደ ማዕበሉ እንምጣ። ከኒው ዚላንድ በስተደቡብ፣ ሰው በማይኖርበት ባሕር ላይ አውሎ ነፋስ ይነሣል። ውኃውን ቀን ከሌት ሲገርፈው መጀመሪያ የሚወጣው ግርግር ነው፤ የገበያ ቀን ግርግር። ሞገዶቹ ከነፋሱ እየራቁ ሲሄዱ ግን ፈጣኖቹ ከቀርፋፎቹ ይለያሉ፣ ሰልፍም ይይዛሉ። በአንዱና በተከታዩ መካከል 16 ሰከንድ ያለው ሰልፍ ጥልቅ ባሕር ላይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በቀን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። 4,000 ኪሎ ሜትር ያለበት መንገድ በአራት ቀን ገደማ ያልቃል። ዋልተር መንክ የተባለው የውቅያኖስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከደቡብ ውቅያኖስ የተነሡ ሞገዶችን እስከ አላስካ ድረስ፣ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በየደሴቱ መለኪያ ተክሎ ሸኝቷቸዋል። መንገድ ላይ ሳሉ የሚያስፈራ ነገር የላቸውም፤ መርከብ ላይ የቆመ ሰው ከፍ ብሎ ዝቅ ከማለት በቀር ማለፋቸውንም ላያውቅ ይችላል። የ16 ሰከንዱ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 400 ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ የባሕሩ ወለል የሚሰማው ጥልቀቱ 200 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። አብዛኛው ጠረፍ ወለሉ ቀስ እያለ ስለሚነሣ ሞገዱ ዳገቱን ሲወጣ እየደከመ ይመጣል። ቴአሁፖኦ ላይ ግን ከጥልቁ ባሕር ድንገት ግድግዳ ይነሣል፤ ያ ሁሉ ጉልበት አንዳንድ ቦታ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ውኃ ስር ያለው ሕያው ድንጋይ በአንድ ጊዜ እንቅፋት ሆኖ ይመታዋል። ከፊቱ ያለው ውኃ ወደ ማዕበሉ ስለሚሳብ የማዕበሉ እግር ከባሕሩ ጠለል በታች ይወርዳል። ከኋላ በጀልባ ላለ ሰው ትንሽ ጉብታ ነው፤ ከፊቱ ላለ ሰው የሚወርድ ጣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሌርድ ሃሚልተን እዚያ የጋለበው ማዕበል እስከ ዛሬ የሚወራለት በውፍረቱ ነው። ውፍረት ደግሞ በትንበያው ውስጥ ቦታ የለውም።

ታዲያ ትንበያው ላይ ያለው ቁመት ከየት መጣ? ከጦርነት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንክና መምህሩ ሃራልድ ስቨርድሩፕ ወታደሮች ከጀልባ ሲወርዱ የሚጠብቃቸውን ማዕበል የሚተነብዩበት ዘዴ እንዲያወጡ ተጠየቁ፤ ዘዴው እ.ኤ.አ. በጁን 1944 ለኖርማንዲው ወረራም አገልግሏል። ከዚያ ዘመን የተወረሰው መለኪያ ከሞገዶቹ ሁሉ ረጃጅሞቹን አንድ ሦስተኛ መርጦ የእነርሱን አማካይ ቁመት መውሰድ ነው። ለምን አንድ ሦስተኛ? በዓይኑ የሚገምት መርከበኛ ትንንሾቹን ከቁጥር ስለማያስገባ፣ አፉ ላይ የሚመጣው ቁጥር ከዚህ አማካይ ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ነገሩን ልብ ብለን ካየነው፣ ሳይንሱ የሰውን የማጋነን ጠባይ ሊያርመው ሲገባ ቀመር አድርጎ አስቀመጠው። ለዚህ አልከስሰውም፤ ቢያንስ ማን እንዳጋነነና በምን ያህል እንደሆነ ጽፎ አስቀምጧል። ለአንባቢው የማይነገረው ግን፣ ከአንድ ሺህ ሞገድ መካከል አንዱ የተጻፈውን ቁጥር እጥፍ ሊጠጋ እንደሚችል ነው። ቁጥሩ የተለካውም ከጠረፍ ርቆ በሚንሳፈፍ መለኪያ ላይ እንጂ ድንጋዩ ላይ አይደለም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ዝም ባልኩ። ግን ሃዋይ አለ። በሃዋይ የቆየ አለካክ ማዕበል የሚለካው ከኋላው ነው ይባላል፤ ውጤቱም ከፊት የሚታየውን ግማሽ ያህል ነው። አሥራ ሁለት ጫማ የሚሆን የውኃ ግድግዳ «ስድስት» ይባላል፤ ስድስት ያለውም ሰው ዓይኑን አይሰብርም። ከኋላ የሚለካው ማን እንደሆነ ጠይቄ መልስ የማገኝ አይመስለኝም። ማዕበል ከኋላው ሲታይ ጥሎ እየሄደ ነው፤ ጥሎ የሚሄድን ነገር ቁመት ልለካ የሚል ሰው ሜትሩን የት ሊያስነካው ነው? ይህ ሁሉ ሆኖ አለካኩ የጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ከባድ ነገር ተወስኖበታል። በዋይሜአ የባሕር ወሽመጥ ለኤዲ አይካው መታሰቢያ የሚደረገው ውድድር የሚጠብቀው ማዕበል በሃዋይ አፍ «20 ጫማ» ነው፤ ለሌላው ዓለም ሲተረጎም 40 ጫማ ፊት ያለው ማለት ነው። ይህ ቁመት እስኪመጣ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፦ እ.ኤ.አ. ከ2009 በኋላ 2016፣ ከዚያ 2023። (በ2023 ያሸነፈው ሉክ ሼፐርድሰን በዕለቱ እዚያው ጠረፍ ላይ ተረኛ የነበረ ነፍስ አድን ሠራተኛ ነው፤ አይካውም የዚያው ጠረፍ ነፍስ አድን ነበር፤ በ1978 ጀልባቸው ተገልብጦ ለጓደኞቹ እርዳታ ሊጠራ በሰሌዳው እንደ ወጣ ቀረ። እነዚህ ሰዎች ማዕበሉን ቢያሳንሱት መብታቸው ነው፤ ክርክሬ ከእነርሱ ጋር አይደለም።)

ለሃዋዮች የሚከራከር ሰው «ትሕትና ነው» ይላል። ትሕትናን ለእኛ አይነግሩንም። እኛ ሦስት ዓይነት ወጥ፣ አይብና ጎመን ሞሶቡ ላይ ደርድረን «ምንም የለም እንጂ፣ ያለችንን ቅመሱ» የምንል ሕዝብ ነን። ዶሮው አሥራ ሁለቱም ብልት ሳይጎድል ቀርቦ «እንዲያው ለስሙ ነው» እንላለን፤ አሥራ ሁለትን ዜሮ ማለት እኮ አሥራ ሁለትን ስድስት ከማለት ይብሳል። ልዩነቱ ግን አንድ ነው፤ እርሱም ቀላል ልዩነት አይደለም። የእኛ እንግዳ የተባለውን አምኖ ቢቀርብ የሚደርስበት ነገር ቢኖር ጥጋብ ነው፤ ሆዱ ቢያመው ፌጦ አለ። «ስድስት ናት» ተብሎ የገባ እንግዳ ግን የሚጠብቀው እጥፉ ነው፤ ከስሩም ያለው አሸዋ ሳይሆን ሰውነት የሚተለትል ድንጋይ ነው። ይህን ጉራ ብለው ቢጠሩት እታገሣለሁ። «አሥራ ሁለት ጋለብኩ» የሚለው ጉረኛ ራሱን ብቻ ነው የሚያስቀው። «ስድስት ብትሆን ነው» የሚለው ግን በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይሠራል፦ የእርሱን ድፍረት ሳይናገር ያስነግራል፤ የሌላውን ፍርሃት ደግሞ ያሳፍራል። አዲስ መጪው ተንቀጥቅጦ «ይህ ነው ስድስት?» ቢል ፈሪው እርሱ ይሆናል፤ ላለመባል ይገባል። በሰው አጥንት የሚከፈል ትሕትና የትም አገር ትሕትና ተብሎ አያውቅም። እንግዳ እንዳይበዛብን ብለን ነው የምናሳንሰው የሚልም አይጠፋም። ይህ ደግሞ የባሰ ነው፤ ትልቅ ማዕበል ፈላጊው ባለሙያ እውነቱን ስለሚያውቅ ይመጣል፣ ትንሽ መስሎት የሚመጣው ገና ጀማሪው ነው። ጅብ እንዳይመጣ ብሎ አጥሩን አፍርሶ እንደ መተኛት።

«የአገሩ ሰው ያውቀዋል፣ ምን ቸገረው?» የሚለውም ተቃውሞ አያስኬድም። የአገሩ ሰው ትንበያ አያስፈልገውም፤ መስኮቱን ከፍቶ ያያል። ትንበያ የሚጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው። ይህን የተረዳ አልጠፋም፤ የሆኖሉሉ የአየር ትንበያ ቢሮ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የፊቱን ቁመት ይጽፋል፤ ጠረፉ ላይ ያሉት ግን ቁጥሩን ለሁለት ማካፈላቸውን አልተዉም። «በሜትር ይሁን» የሚልም አለ። ታሂቲ የፈረንሳይ ግዛት ናትና በሜትር ትናገራለች፤ ሜትር ግን ከየት ጀምረህ ልካ አይልም፣ የትም ብታስነካው እሺ ባይ ነው። «ከፊት ይለካ፣ ይለይለት» ለሚለው ደግሞ፣ በልቤ የምደግፈው ቢሆንም፣ የፖርቱጋሏ ናዛሬ መልስ አላት። ሰባስቲያን ስቶይድትነር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 የጋለበው ማዕበል 26.21 ሜትር መሆኑ በክብረ ወሰን የጸደቀው በሜይ 2022 ነው። ለሰከንዶች ቆሞ የፈረሰ ውኃ፣ ቁመቱ ለመታወቅ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። የእንዲህ ያለ ማዕበል ልኬት አንዱ ዘዴ ምንድን ነው? ፎቶው ላይ ያለውን የጋላቢውን ቁመት እንደ ክንድ ይዞ ማዕበሉን መቁጠር። ስንት መሣሪያ ሰማይ ላይ ሰቅለን ዞረን የደረስነው የጨርቅ ተራ ክንድ ላይ ነው፤ ገዢው ባለ ረጅም ክንድ ወዳጁን ይዞ የሚመጣበት። ሰርፈሮችም እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ቁጥሩን ትተው «ወገብ ድረስ»፣ «ከራስ በላይ»፣ «የራስ እጥፍ» ይላሉ፤ ከወንዝ ዳሩ ሰው ጋር አንድ ቋንቋ ነው። ይህ ይሻላል ልል አስቤ ነበር፤ ግን ደግሞ ወገብ የማን?

እንግዲህ ልለዝብ። ቁመቱ በትክክል ቢታወቅ እንኳ ባሕሩ የነገሩትን እንደማያደርግ የፓሪስ ኦሊምፒክ ታዝቧል። የሰርፊንጉ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2024 ከፓሪስ 15,700 ኪሎ ሜትር ርቆ እዚያው ቴአሁፖኦ ተደረገ። ጋብሪየል ሜዲና በጁላይ 29 ከአሥር 9.90 አግኝቶ፣ ከማዕበሉ ወጥቶ አየር ላይ ቆሞ የታየበት ፎቶ ዓለምን ዞረ። በሳምንቱ፣ በግማሽ ፍጻሜው፣ ያው ሰው በዚያው ድንጋይ ላይ ሰሌዳው ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ አንድ ማዕበል ብቻ አግኝቶ ተሸነፈ። ቁመት አልጎደለም፤ ማዕበሉ አልመጣም፤ የዚህ ደግሞ ጫማም ሜትርም የለውም። ምናልባት ሃዋዮቹ በግማሽ የሚናገሩት ለዚህ ይሆናል፤ ባሕሩ ሰምቶ እንዳይኮራ። እንዲህ ከሆነ ትንሽ ይገባኛል። ትንሽ ብቻ።

ከዚያ ሁሉ ትንበያ የማያናድድ አንድ መሥመር ቢኖር የታሂቲ የባሕሩ ሙላት ነው። በሌላው ዓለም ሙላትና ጉድለት ጨረቃን እየተከተለ በየቀኑ ሰዓቱን ይለውጣል፤ ሰንጠረዥ ካልያዙ አይሆንም። ታሂቲ ግን የጨረቃዋ ሙላት ሊጠፋ ከሚደርስበት የውቅያኖስ ክፍል አጠገብ ስለምትገኝ ባሕሩ የሚታዘዘው ለፀሐይ ነው፤ እኩለ ቀን አካባቢ ይሞላል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይሞላል፣ ማለዳና ማታ ይጎድላል። በእኛ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ሙሉ፣ በ12 ጎዶሎ፤ ለኢትዮጵያ ሰዓት ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የሰዓት ልዩነቱ አሥራ ሦስት ስለሆነ እዚያ የቀኑ ሙላት ሲደርስ አዲስ አበባ ሌሊት 7 ሰዓት ነው፤ ከተማው ተኝቷል። መጠኑም 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ማለትም አንድ ጫማ። በሃዋይ አፍ ስንት እንደሚባል እንጃ።