የትርፍ ጊዜ ጥበብ በጎንደርና በደጋው

ትርፍ ጊዜ ማለት ለኑሮ ግድ ከሆነው ሥራ፣ ከምግብና ከእንቅልፍ ተርፎ ሰው እንደ ልቡ የሚያዝበት ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ከተጣበበ ውሎ መካከል ፈልቅቆ ማውጣት በሌላው ዓለም ብዙ መጽሐፍ የተጻፈበትና ብዙ ሥልጠና የተሰጠበት አስቸጋሪ ጥበብ ሲሆን፣ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ግን ጥያቄው ከተፈታ ብዙ ዘመን ያለፈው መሆኑን አሠልጣኞቹ ገና የሰሙ አይመስሉም። የደጋው አባወራ የዕለት ዕቅድ ሳይጽፍና ደወል ሳይሞላ፣ ወር በገባ ቁጥር በቂ ዕረፍት አግኝቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጨዋውቶ፣ ጠላውን ጠጥቶና መርቆ ይነሣል። እንዲህ ያለ የተሳካ ሥርዓት በተገቢው አክብሮት ሊመረመር ይገባዋል።

የሥርዓቱ መሠረት የቀን መቁጠሪያው ነው። በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ አካባቢ በየወሩ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለወልድ ይታሰባሉ፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም እኩል ባያከብር እንኳ የየደብሩ ታቦትና የየቤቱ ዝክር ሲጨመርበት ሞፈር የሚሰቀልበት ቀን ጥቂት አይደለም። በዚህ ላይ ሁለቱ ሰንበቶች አሉ፤ የቅዳሜውን ሰንበት ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ የተባሉት መነኮሳት ለረጅም ዘመን ሲሟገቱለት ኖረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450 ዓ.ም. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት በተደረገው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ እንደ እሑድ ሁሉ እንዲከበር ተወስኗል። በዓል የሚከበረው ሥራን በመተው ስለሆነ ሥራ የሆነውና ያልሆነው በጥንቃቄ ተለይቷል። ማረስ፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ እንጨት መፍለጥ ሥራ ናቸው። ፍትሐዊነቱ እንዳይጎድል ከሴቲቱም በኩል መፍጨትና መፍተል በሥራ መዝገብ ገብተዋል። ውኃ መቅዳት፣ እሳት ማንደድ፣ እንጀራ ማቅረብ፣ ልጅ ማጠብና እንግዳ ማስተናገድ ግን ከመዝገቡ ውጪ ናቸው፤ ስለዚህም በሚካኤል ዕለት ከንጋት እስከ ምሽት ቢሠሩ በዓል አያስሽሩም።

በኦሪት ዘጸአት የሰንበት ትእዛዝ ማረፍ የሚገባቸውን ሲዘረዝር ወንድ ልጅን፣ ሴት ልጅን፣ ሎሌን፣ ገረድን፣ ከብትንና በደጅ ያለ እንግዳን ይጠራል፤ ሚስት ግን በስም አልተጠራችም። የዋህ አንባቢ ሚስት ከባሏ ጋር አንድ አካል ናትና አብራ ተቆጥራለች ብሎ ሊያልፈው ይችላል። አባወራው ግን ከዚያ የጠለቀ አንባቢ ነው፤ በሬው በበዓል ቀን ቀንበር ሳይነካው ሲያመሰኳ ይውላል፣ ሚስት እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ ትወርዳለች፣ ከተጻፈው አንዲት ፊደል አልተጣሰችም።

የሥርዓቱ ረቂቅነት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በማኅበር ነው። ማኅበር ማለት አባላቱ በአንድ ቅዱስ ስም በየወሩ ተራ በተራ እየደገሱ ጽዋ የሚጠጡበት ስብስብ ሲሆን፣ የአባላቱ ዕረፍት ግማሽ ቀን ቢሆን ዝግጅቱ ከሳምንት ያልፋል። ገብሱ ተነክሮ፣ በቅሎና ደርቆ ብቅል ይሆናል፤ ጋኑ ታጥቦ በጥንጁት ወይም በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾው ተወቅጦ በውኃ ይጠነሰሳል፤ በጥንስሱ ላይ ብቅሉና ቂጣው ይገባል፤ ቀጥሎ እህሉ ታምሶና ተፈጭቶ አሻሮው ይደፈደፋል፤ ድፍድፉ ሲበስል በውኃ ተበጥብጦ ይጠለላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከዕለታዊው ወጥና እንጀራ፣ ከከብቱ እበትና ከሕፃኑ ልቅሶ በተረፈው ሰዓት ነው። በማኅበሩ ዕለት አባቶች ጠላውን ቀምሰው «ቤቱን ይባርክ» ብለው ሲመርቁ ቤቱ እውነትም ይባረካል፣ ባለቤቲቱም ዋንጫ ለመቅዳት ቆማለችና ምርቃቱን ከጓዳ በር ላይ ሆና ትሰማለች። ጠላው ቀጥኖ እንደሆነም የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

የቅዳሜ ሰንበት ደግሞ በጎንደር ከተማ የገበያ ቀን መሆኑ ዘርዐ ያዕቆብ ያላሰቡት ነገር ሳይሆን አይቀርም። ቅዳሜ ገበያ ከሚባለው ሰፊ ሜዳ የሚደርሱት የደጋ ሴቶች ማገዶ፣ ዶሮና ጌሾ ተሸክመው ሌሊት ከቤት የወጡ ናቸው። ሰንበትን በእግር ያከብሩታል ማለት ነው።

ለሴቲቱ ምንም ዕረፍት አልተተወላትም የሚል ወቀሳ ሲነሣ ወዲያው የሚጠራው ምስክር ቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ የሚፈላው ቡና የሴቶች የጨዋታ ሰዓት መሆኑ አይካድም፤ ጎረቤታሞች የልባቸውን የሚያወጡበት ሌላ ስፍራም የላቸው። ይሁንና ቡናውን የምታጥበው፣ የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ ሲኒውን ሦስት ጊዜ የምትለቀልቀውና የምትቀዳው ይህችው ዐራፊ ናት። እየሠሩ ማረፍ የሚባል ነገር ካለ ፍጹም ሆኖ የሚገኘው እዚህ ነው፤ በርጩማ ላይ መቀመጧ ዕረፍት ለመባል በቅቷል።

ከተማው ሥርዓቱን ወርሶ በሕግ አጠናክሮታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖ፣ በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። በግለሰብ ቤት ለግል አገልግሎት የሚቀጠሩት ግን ከአዋጁ ውጪ ናቸው፤ ከጃናሞራ ወይም ከበለሳ መጥታ በጎንደር ቤት የገባችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስንት ሰዓት መሥራት እንዳለባት የሚወስነው የእመቤቷ ጤና ነው። በመሥሪያ ቤት «ጊዜ የለኝም» ሲል የዋለ ሹም 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲወጣ በፒያሳ ለማኪያቶም፣ ቀጥሎ ለሚተላለፈው የእንግሊዝ እግር ኳስም ጊዜ አያጥርበትም። ከእርሱ ጋር በአንድ ሰዓት የወጣችው የሥራ ባልደረባው ግን በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ሥራዋ ትሄዳለች፤ ሠፈሯ የውኃ ፈረቃ የሚደርሰው በሌሊት ከሆነ ደግሞ ጄሪካኗን ደርድራ የቧንቧውን ድምፅ ታዳምጣለች። ጊዜ ለማትረፍ በማለዳ መነሣት ይገባል የሚለው የአሠልጣኞች ምክር ለእርሷ ብዙም የሚጨምርላት ነገር የለም።

በ2005 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የአገሪቱን ሕዝብ የጊዜ አጠቃቀም ባጠና ጊዜ፣ ሴቶች ክፍያ ለሌለው የቤት ሥራና እንክብካቤ የሚያውሉት ጊዜ ከወንዶች በሦስት እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል። ግኝቱ ያስደነገጠው አባወራ ያለ አይመስልም፤ ሴቷ አታርስምና ሥራው የእርሱ መሆኑ የታወቀ ነው። እርሻው ከባድ መሆኑ እውነት ነው፣ በክረምት ጭቃ በሬ ጠምዶ የዋለን ሰው ማቃለልም ነውር ነው፤ አረሙንና አጨዳውን ከጎኑ ሆና የሠራችው ሴት ማታ ወደ ምድጃው ስትሄድ እርሱ ወደ መደቡ መሄዱ ግን በእርሻው ክብደት አይገለጽም። የአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንና የሚስትን ስም ከነፎቷቸው ጎን ለጎን አትሟል። ማሳው የሁለት ሆኗል፣ ዕረፍቱ ግን ገና አልተለካም።

ሥርዓቱን ለማሻሻል የሚነሣ ሰው ካለ በዓል መቀነስን እንዳያነሣ፤ ይህ ካህናቱንም ምእመናኑንም የሚያስቆጣ፣ አስፈላጊም ያልሆነ ነገር ነው። አንዲት ትንሽ የማኅበር ደንብ ብቻ ትበቃለች፤ ተራው የደረሰው አባል ብቅሉን ራሱ ያብቅል፣ ጋኑን ራሱ ይጠን፣ ጌሾውን ራሱ ይውቀጥ፣ ጽዋውንም ራሱ ቆሞ ይቅዳ። ደንቡ በጸደቀ በዓመቱ የስንቱ ማኅበር ተራ በሕመም፣ በመንገድና በድንገተኛ ለቅሶ እንደሚተላለፍ፣ ለጽዋ ውኃም ቢሆን በቂ መሆኑን የሚያስረዱ ስንት ጥቅሶች በአባወራዎች አንደበት እንደሚገኙ ለማየት የሚጓጓ ተመራማሪ አይጠፋም።