ጉዳዩ፦ ሁለት ብሎን እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

በሞጆና በሐዋሳ መካከል ለምትገኘው፣ ስሟን ለማልጠራት ከተማ የትራፊክ ጽሕፈት ቤት
ባላችሁበት

ክቡር ጽሕፈት ቤት ሆይ፣

እኔ ባለፈው ሐምሌ 18 ቀን በከተማችሁ ያለፍኩ ተራ ባለመኪና ነኝ። “ያለፍኩ” ያልኩት በትሕትና ነው፤ ለማለፍ አራት ሰዓት ከሩብ ፈጅቶብኛል። በዚያ ቆይታዬ ስለ ሕግ፣ ስለ ትዕግሥትና ስለ እጅ መታጠብ ብዙ አስተምራችሁኛል። ሳላመሰግናችሁ ዓመት እንዳይዞር ብዬ ይህን ጻፍኩ።

መጀመሪያ ግን መኪናዬን ላስተዋውቃችሁ፤ እናንተ የምታውቋት በታርጋዋ ብቻ ነውና። ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ ናት። የመጀመሪያ ልጄን በዕድሜ ትበልጠዋለች፣ በመታዘዝም ትበልጠዋለች። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ያለችውን አሮጊት ከመጦር ሌላ ምርጫ የለውም። እኔም እጦራለሁ። ከጉዞው በፊት የነበረውን ሳምንት ሙሉ ጋራዥ ከርመናል። ዘይቷ ከነፊልትሮው ተቀየረ፤ አራቱ ካንዴላዎች ወጥተው ተጠረጉ፤ የኋላ ፍሬን ሸራ አዲስ ገባላት፤ ማርሚታዋ ተበየደ። ጎሚስታው ስኮርታውን ሳይቀር ነፋልኝ። መካኒኬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ “ጋሼ፣ እንዲህ ከያዟት እርስዎን ቀብራ ነው የምትሞተው” አለኝ፤ እንደ ምርቃት ተቀበልኩት። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ስለነበር፣ ጣሊያን በ1933 ሲወጣ ቃላቱን ጋራዥ ረስቷቸው እንደሄደ አጫወትኩት፤ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ እያልኩ ስቆጥር ፒንሳን ዘለልኳት። እሷን እናንተ አስቆጠራችሁልኝ።

ቦሎው የዘንድሮ ነው። እሳት ማጥፊያው፣ ትሪያንጎሎው፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ በየቦታቸው ናቸው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለመመጻደቅ አይደለም። ሰው ማድረግ የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ከቤቱ ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው እንድታውቁልኝ ነው።

ጉዟችን ለሐምሌ ገብርኤል ወደ ሐዋሳ ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄና አማቴ። እስከ ሞጆ በፍጥነት መንገዱ ከፍለን ሄድን። ከሞጆም በኋላ አዲሱ መንገድ ነበረልን፤ አማቴ ግን “መቂ ላይ ሽንኩርት ሳልገዛ የትም አልሄድም” ስላሉ በአሮጌው ገባን። እንግዲህ ጥፋቱ ከሽንኩርት ይጀምራል።

ከቀኑ 5፡45 ላይ ከተማችሁ ደረስን፤ ራበን። መንገደኛ የሚያውቃት አንዲት ሕግ አለች፦ ሲኖትራክ የተደረደረበት ምግብ ቤት ግባ። ሹፌር መጥፎ ምግብ ሁለት ጊዜ አይበላም። በዚያች ሕግ እየተመራን ሉካንዳው በር ላይ ሥጋ የሰቀለ ቤት አየን። ዘበኛው በዱላው እየጠቆመ “ና፣ ና፣ ና፣ መሪ ስበር፣ በቃ!” ብሎ አቆመኝ። ከፊቴ አምስት መኪና፣ ከኋላዬ ሁለት ቆሟል። ምልክት ፈለግሁ፤ የለም። በአስፋልቱ ጠርዝ ቀለም ፈለግሁ፤ ጭቃ ነው። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ በመሳቢያዬ የሚኖር ሰው ነኝ፤ ሳላይ አልቆምኩም።

ቀኑ ረቡዕም ዓርብም አልነበረም። ከጎድኑና ከሽንጡ ቀላቅለን አንድ ኪሎ አስመዘንን። ጥብሱ በሸክላው ላይ እየተንጨረጨረ፣ ቃሪያው ከላይ ተሰክቶ፣ አዋዜው ከጎን ሆኖ መጣ። አማቴ ባረኩ። የመጀመሪያውን ለእሳቸው አጎረስኩ። ሁለተኛውን ለራሴ ጠቅልዬ ወደ አፌ ሳነሣ፣ አስተናጋጇ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ፣ “ጋሼ፣ ነጯ ኮሮላ የእርስዎ ናት? ታርጋዋን እየፈቱት ነው” አለችኝ።

ከነጉርሻዬ ሮጥኩ።

ባልደረባችሁ ቁጢጥ ብሎ በፒንሳ እየታገለ ደረስኩ። ልብ በሉ፣ በፒንሳ! የታርጋዬ ብሎን በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታ ነው። ብሎን በፒንሳ አይፈታም፤ ጭንቅላቱን ይበላዋል። ይህን የጋራዥ ሊስትሮ እንኳ ያውቀዋል። ቢነግረኝ ቁልፉን ከኋላ ኮፈኔ አውጥቼ በአክብሮት አቀብለው ነበር።

“ጌታዬ፣ ምን አጠፋሁ?” አልኩት።

“መቆም የተከለከለበት ቦታ ነው የቆምከው።” ልጄን ያህላል፤ “አንተ” አለኝ።

“ምልክቱ የታለ?”

ቀና ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። በእውነት ፈልጎልኛል፤ ይህን አልክድም። “ምልክቱን መኪና ገጭቶት ተነሥቷል፤ ሕጉ ግን አልተነሣም” አለኝ።

“እነዚህ ሰባት መኪኖችስ?”

“ከአንተ ነው የጀመርኩት።” ከእኔ ጀመረ፤ በእኔም ጨረሰ። ሁለቱን ብሎኖች ደረት ኪሱ ከቶ፣ ታርጋዬን በብብቱ ይዞ፣ ቢሮ እንድመጣ አዝዞኝ ሄደ። እኔ ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ምን ላድርገው? እህል መጣል ነውር ነው፤ ፊቱ መዋጥ ንቀት ይመስላል። “እንካ ቅመስ” ልለው ቃጥቶኝ፣ ጉቦ ተብሎ እንዳይያዝብኝ ፈራሁ።

6፡35 ላይ ቢሯችሁ ደረስኩ። ዝግ ነው። እኔን ምሳ ላይ የያዘ ቢሮ እሱም ምሳ ላይ ነበር። ካፊያው ስለጀመረ ከጣሪያው ሥር ከሌሎች ባለጉዳዮች ጋር ተጠጋሁ። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ወጣት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነው። የጫነው ቲማቲም ነው፤ አዲስ አበባ አትክልት ተራ መድረስ የነበረበት። “ጋሼ፣ የእርስዎ ቀላል ነው፤ ኮሮላ አይበሰብስም” አለኝ። ሳቅን።

8፡10 ላይ መስኮቱ ተከፈተ። ተራዬ ደርሶ መንጃ ፈቃዴን ዘረጋሁ። በምሳ መሐል ሮጬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ እጄ አዋዜና ጮማ ነው። ጸሐፊዋ መንጃ ፈቃዱን በሁለት ጣቷ ጫፉን ይዛ እንደ ሞተች አይጥ አንጠለጠለችው። “ምንድን ነው ይሄ፣ ዘይት ነው? እጅህን ታጥበህ ና። ቀጣይ!” ከኋላዬ ሳቅ ተሰማ። የ56 ዓመት ሰው፣ የቤተሰብ አባት፣ እንደ ጡጦ ሕፃን እጁን እንዲታጠብ ተልኮ ከሰልፍ ወጣ።

ግቢያችሁ ውስጥ በኮሮና ጊዜ የተተከለ በርሜል አለ፤ ቧንቧ ተበጅቶለታል፤ “እጅዎን ይታጠቡ” ተብሎም በደማቁ ተጽፎበታል። በከተማችሁ ያየሁት ብቸኛ ምልክት እሱ ነው፤ ይኸው ታዘዝኩት። ቧንቧውን ብከፍተው አየር ተነፈሰ። በዚህ መሐል አማቴ፣ ነጭ የአገር ልብሳቸውን በጭቃው ላይ በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ በሌላው አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዘው ከመኪናው መጡ። 72 ዓመታቸው ነው። በአገራችን ታናሽ ለታላቅ ያስታጥባል፤ አማች ጎንበስ ብሎ ለአማቱ ውሃ ያፈስሳል። ያን ቀን እሳቸው ያፈስሱልኝ ነበር፣ ሰልፈኛው ሁሉ ያየን ነበር። አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታጥቤ ስመለስ የሰልፉ ጭራ ላይ ነኝ። ተራዬ ዳግም ሲደርስ ቅጣቱን በቴሌብር እንድከፍል ተነገረኝ፤ “ሲስተም የለም” ተባለ። ሲስተሙ ሃምሳ ደቂቃ ቆይቶ መጣ። ቅጣቱ ራሱ ከምሳችን ሒሳብ ያንሳል፤ ስለ ገንዘቡ አልከራከራችሁም። ደረሰኙን ይዤ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባሁ። ቡና ይፈላል። ታርጋዬ የከሰል ማንደጃው ሥር ተነጥፏል፤ የወለሉ ምንጣፍ እንዳይቃጠል ነው አሉኝ። ከሥሩ ሲያወጡልኝ ሞቆ ነበር፤ ከጥብሴ የተሻለ ሙቀት አግኝቷል። “ቁጭ በሉ፣ ቡና ቅመሱ” አሉኝ ደግሞ። ጠጣሁ። ጥሩ ቡና ነበር፤ በደብዳቤ ውሸት አልጽፍም።

“ብሎኖቼስ?” አልኩ።

“የፈታው ልጅ ፈረቃው አልቆ ወጥቷል።”

“እዚህ አላስረከበም?”

“የምንረከበው ታርጋ ነው። ብሎን መዝገብ የለውም።”

ስወጣ የአይሱዙው ልጅ አሁንም መስኮቱ ሥር ቆሟል። የእኔ ሲስተም ሲመጣ የእሱ አልመጣም፤ “የመኪናው ባለቤት በአካል ይቅረብ” ተብሏል፤ ባለቤቱ ያለው አዲስ አበባ ነው። ታርጋዬን ያለ ብሎን ይዤ ስቆም አይቶ ጭነቱ ላይ ወጣ። ከቲማቲም ሣጥኑ ሽቦ ፈትቶ ወረደና ተንበርክኮ ራሱ አሰረልኝ። ከሣጥኖቹ ሥር ቀይ ውሃ በካሶኑ ጠርዝ እየተንጠባጠበ አስፋልቱ ላይ ይወርድ ነበር።

እዚህ ላይ ሽሙጡ አልመጣልኝም። አታፍሩም? እናንተ ምሳችሁን በላችሁ፤ ቡናችሁን ጠጣችሁ፤ የዚያ ልጅ ንብረት በራችሁ ላይ በሰበሰ። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልገጨም፤ አንድ ወረቀት ላይ ማኅተም መምታት ነው የቀረው! ሰባት ሰዓት! ምልክት ሳትተክሉ የምትቀጡ፣ የፈታችሁትን የማታስሩ፣ ሰው በርሃብ ሮጦ ሲመጣ እጁን የምትጸየፉ፣ ማን ናችሁ?

ይቅርታ። ወደ አክብሮቴ ልመለስ።

ከከተማችሁ በ10፡00 ሰዓት ወጣን። 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ሌላ ባልደረባችሁ አስቆመን። “ታርጋ በሽቦ ማሰር ክልክል ነው” አለ። ትክክል ነው፤ ክልክል ነው። “ትራፊክ ፈትቶት ነው” አልኩት። “የፈታው ይሰረዋ!” አለኝ። ይኸኔ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ዝም ያሉት አማቴ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። “ልጄ፣ ማሰርና መፍታት የተሰጠው ለጴጥሮስ ነበር፤ ለእናንተ መቼ ነው የተላለፈው?” አሉት። ልጁ ሳቀ፤ ሳይቀጣን አሳለፈን። ሳቅ የሚያውቅ ባልደረባ ስላላችሁ አመሰግናለሁ።

ስለ መንገዱ ጉድጓድ፣ ስለ ነዳጅ ሰልፉ፣ በሌሊት ያለ መብራት ስለሚከንፈው ጭነት መኪና፣ መንገደኛ ሴት የምትገባበት መጸዳጃ ስለመጥፋቱ አላነሣም። ያ የአገር ጉዳይ ነው፤ የአገር ጉዳይ ባለቤት አለው ይባላል። የእኔ ጉዳይ ሁለት ብሎን ነው።

ጥብሱ በፌስታል ተቋጥሮ ሐዋሳ ገባ፤ ጮማው ረግቶ ማንም አልነካውም። ከዚያ ወዲህ በተሰበሰብንበት ሁሉ፣ በሰርግም በዝክርም፣ አማቴ ታሪኩን ያወራሉ። “በቤታችን ፍቺ የሚባል አናውቅም ነበር፤ መጀመሪያ የተፈታው የዚህ የአማቼ ታርጋ ነው” ይላሉ። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ስለ ውሃው ግን እሳቸውም አያነሡ፣ እኔም አላነሣ።

ስለዚህ ክቡር ጽሕፈት ቤታችሁን ሦስት ነገር በትሕትና እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የተገጨው ምልክት ይተከል፤ ከተተከለ አልቆምም፣ ብቆምም አልከራከርም። ሁለተኛ፣ በርሜሉ ውሃ ይሞላበት። ሦስተኛ፣ ሁለቱ ብሎኖቼ፣ ጭንቅላታቸው የተበላ ቢሆንም፣ ከነዳዷቸው ይመለሱልኝ።

ሶማሌ ተራ ብሎን ሞልቷል፤ መግዛት አቅቶኝ እንዳይመስላችሁ። ታርጋዬ እስከ ዛሬ በዚያ ልጅ ሽቦ እንደታሰረ ነው፤ ሽቦውን የምፈታው ብሎኔን የመለሳችሁልኝ ቀን ነው።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ነጯ ኮሮላ

ግልባጭ፦
ለአማቴ፣ እንዲያውቁት
ለአይሱዙው ሹፌር፣ ባለህበት