ስለ ቀለብ ቃላት አፈታት የወጣ የአባቶች አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ ቀለብ እንድንቆርጥ የተፈረደብን አባቶች፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ልጅን ማብላት፣ ማልበስ፣ ማኖር፣ ማሳከምና ማስተማር ግዴታ መሆኑን ስናነብ ክፉኛ በመደንገጣችን፤ ሕጉን መሻር ባንችልም ቃላቱን እንደ ልባችን ከመፍታት የሚከለክለን ባለመኖሩ፤ የሚከተለው ታውጇል።

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«ቀለብ» ማለት ለእንቁጣጣሽ የሚላክ አንድ ዶሮ ነው። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ከወጣ እስከ ገና ያሉትን ወራት ይሸፍናል።

«የፍርድ ባለመብት» ማለት የትምህርት ቤት ደረሰኝ፣ የክትባት ካርድና የመድኃኒት ማዘዣ በፌስታል ይዛ ችሎት በር ላይ የምትጠብቅ እናት ናት። ደረሰኝ የሌለው እራት እንዳልተበላ ይቆጠራል።

«የፍርድ ባለዕዳ» የሚለው ስም ስለሚያዋርድ ተሰርዟል። ልጁ በተመረቀ ዕለት ግን አባትየው ከፎቶው መሃል የመቆም መብቱ የተጠበቀ ነው።

«አቅም» የአዋጁ ምሰሶ ስለሆነ ሰፋ ተደርጎ ይተረጎማል። ሕጉ የቀለቡ መጠን በጠያቂው ችግርና በከፋዩ አቅም ይወሰናል ይላል። እንግዲህ አቅም ማለት ከፋዩ በቀጠሮው ዕለት የሚለብሰው ጃኬት ነው። ጃኬቱ ክርኑ የተቀደደ ይሁን፤ ከሌለው ከሰፈር ዘበኛ ይዋስ። መኪናውን ከፍርድ ቤቱ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብሎ ያቁም፤ ሊብሬው ድሮውንም በወንድሙ ስም ነው። ዳኛዋ «ምን ትሠራለህ?» ሲሉት አንገቱን ደፍቶ «ምን ሥራ አለ፣ እንዲያው የተገኘውን» ይበል። ሱቁ የእናቱ ነው፤ እሱ እዚያ የሚውለው ሊያጫውታቸው ነው። (አዋጅ ነጋሪው በግሉ፦ እኚህ እናት በሰማንያ ዓመታቸው ሞባይል አስመጪ መሆናቸው ሳይመሰገን አይታለፍም።)

«ደመወዝተኛ» ማለት ከመካከላችን ያልታደለው ነው። ገቢው ፔሮል ላይ ስለሚታይ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲደርስ አሠሪው ቆርጦ ይልክበታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ መከልከሉን በምስጋና ተቀብለናል፤ ልጁም ሆዱን በዚያው ልክ እንዲያስተካክል ታዟል።

«የሁኔታዎች መለወጥ» ማለት አባትየው ሌላ ሚስት ማግባቱ ነው። ጤፍ መወደዱን አይጨምርም።

«አፈጻጸም» ማለት እናትየዋ ከረታች በኋላ እንደ አዲስ የምትከፍተው ፋይል ነው። ፍርዱን ፍርድ ቤት ሰጥቷታል፤ ሰውዬው የት እንደሚሠራና ምን ንብረት እንዳለው ደግሞ ራሷ አፈላልጋ ታምጣ።

«ውዝፍ» ማለት ሽማግሌ የሚላክበት ዕዳ ነው። ሽማግሌዎቹ ቡና ጠጥተው «በቃ እናቴ፣ ያለፈውን ተይውና ከዛሬ ጀምሮ ይስጥሽ» ይላሉ። «ዛሬ» በየዓመቱ ይታደሳል።

ይህ አዋጅ መጥሪያው ለአባቶች ከደረሰበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። እስካሁን አልደረሰንም፤ ቤት ቀይረናል።