«ይህማ የታወቀ ችግር ነው!»

ቺፕ የሚሠሩ ሰዎች ጨዋ ናቸው። ዕቃቸው ቢበላሽ «ተበላሸ» አይሉም፤ ኢራታ የሚባል ሰነድ ያወጣሉ። ጥፋቱ እዚያ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል፣ በቃ መታወቂያ ያወጣ ነዋሪ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ኮድህ ቢወድቅ የምትሰማው አንድ ነገር ነው፦ «ይህማ የታወቀ ችግር ነው!»

«ከታወቀማ ለምን ሸጣችሁልኝ?»

«ሰነዱን አላነበቡም እንዴ?»

ሰነዱንማ አነበብን። የኤስቲ ማይክሮኮንትሮለሮች ኢራታ ከየጥፋቱ አጠገብ አንዲት ፊደል ያስቀምጣል። ኤ ማለት መላ አለው፤ ፒ ማለት በከፊል መላ አለው፤ ኤን ማለት መላ የለውም።

«መላ ከሌለው ለምን ትነግሩኛላችሁ?»

«እንዲያውቁት ብለን ነው።»

«ይሄማ መርዶ ነው!»

ከሁሉም የምወደው የኮርቴክስ-ኤም4ን ጉድ ነው፤ የመታወቂያ ቁጥሩ 838869። ይህ የአርም ፕሮሰሰር ወደ ሜሞሪ የሚጽፈውን ነገር ጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ ጣል አድርጎ ሥራውን ይቀጥላል። ፍጥነቱ አንዱ ከዚህ ነው፤ ጥሩ። ታዲያ ከአንዱ ኢንተራፕት (ሥራ አቋራጭ ጥሪ) ሊወጣ ሲል ያ ጽሑፍ ገና መንገድ ላይ ከሆነ፣ በዚያችው ቅጽበትም ሌላ ኢንተራፕት ከተፍ ካለ፣ ነገሩ ሊምታታ ይችላል። የኢንተራፕት ተቆጣጣሪው አንዱን ተቀበልኩ ይላል፣ ፕሮሰሰሩ የሌላውን ኮድ ያስኬዳል።

«ማን ተጠራ?»

«ከበደ።»

«ማን ተነሣ?»

«አበበ።»

«ከበደስ?»

«ተገኝቷል ተብሎ ተፈርሞለታል።»

መድኃኒቱ ዲኤስቢ የምትባል አንዲት ትዕዛዝ ናት። ከኢንተራፕቱ ከመውጣትህ በፊት ትጽፋታለህ፤ እሷም የተጀመረው ጽሑፍ ሳያልቅ ንቅንቅ የለም ትላለች።

«እና ፈጣን ብላችሁ የሸጣችሁልኝ ፕሮሰሰር ልክ የሚሠራው ሲቆም ነው?»

«አልፎ አልፎ፣ ጌታዬ።»

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚሉ ሽማግሌ ፕሮግራመሮችም አይጠፉም። ጋሼ፣ እርስዎ ያደጉበት 6502 እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ፣ የመዝለያ አድራሻው የገጹ የመጨረሻ ባይት ላይ ከጀመረ፣ ሁለተኛውን ባይት ከቀጣዩ ገጽ መውሰድ ሲገባው ተመልሶ ከዚያው ገጽ ራስ ያነሣ ነበር። ገጽ መግለጥ አያውቅም! መላው ምን ነበር? አድራሻ እዚያ ቦታ ላይ አለማስቀመጥ። ጋሼ ይህን መላ «ጥሩ የአጻጻፍ ልማድ» ብለው ነው ያስተማሩን።

ራዝቤሪ ፓይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 አርፒ2350ን አወጣ። ቺፑ በወጣ ሰሞን ነው ጉዱ የፈላው፤ ስሙም ኢ9። ፒኑን ኢንፑት ታደርገዋለህ፤ ውስጥ ያለው ፑል-ዳውን ወደ ዜሮ እንዲያወርደው ታዛለህ። ቁልፉን ተጭነህ ስትለቅ ፒኑ 2.2 ቮልት አካባቢ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጣትህ ኪስህ ገብቷል፤ ቺፑ ግን ተጭነሃል ብሎ ይምላል።

«ውረድ!»

«ወርጃለሁ።»

«የት ደረስክ?»

«2.2።»

«ይሄ ፎቅ ነው እንጂ መሬት ነው እንዴ?»

ምክንያቱ በፒኑ በኩል የሚሾልከው ከረንት ነው፤ የውስጡ ፑል-ዳውን አይችለውም። ስለዚህ 8.2 ኪሎ ኦም ወይም ከዚያ ያነሰ ሬዚስተር ከውጭ ግዛና ግጠም ተባልን።

«ውስጡ አለ ያላችሁኝስ?»

«አለ፤ አቅም ነው ያነሰው።»

«ታዲያ ጡረታ አውጡት!»

ሐቁን ለመናገር እነዚህ ሰዎች ጥፋታቸውን ሸፍነው አልተቀመጡም፤ ኤ4 በተባለው ዕትም አርመውታል። የድሮውን ገዝቶ ቦርድ ላይ የበየደ ግን ሬዚስተሩን ይቁጠር።

ኢኤስፒ32 ላይ ደግሞ ጥፋቱ የቺፑ፣ ቅጣቱ የኮምፓይለሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዕትሞች ላይ ፒኤስራም የሚባለውን ተጨማሪ ሜሞሪ ስትጠቀም ካሹ ስለሚሳሳት፣ ኮምፓይለሩ በየቦታው ተጨማሪ ትዕዛዝ እየሰገሰገ ያልፈዋል። ኮድህ ለምን ወፈረ ብትል መልሱ ይኸው። ፒን 36 እና 39ም አሉ፤ ኤዲሲ (አናሎጉን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን) ስትጠቀም ለ80 ናኖ ሰከንድ ያህል ዝቅ ይሉና ይመለሳሉ።

«80 ናኖ ሰከንድ ምን አላት?»

«ለአንተ ምንም። ኢንተራፕቱን ግን ቀስቅሳ ትሄዳለች።»

«መላውስ?»

«ኤዲሲ ስትጠቀም የእነዚህን ፒኖች ኢንተራፕት አትጠቀም።»

«ጎሽ! እኔም ደመወዜ ሲያልቅ ገበያ አልወጣም።»

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። በየቢሮው ኮድ ማጽዳት የሚወድ አንድ ልጅ አለ። ትርጉሟ ያልገባው መስመር እንቅልፍ ትነሣዋለች። ይቺን ዲኤስቢ ያያል፤ ከጎኗ ማብራሪያ የለም፤ የጥፋቱን ቁጥር እንኳ የጻፈ የለም (ስድስት አኃዝ ለመጻፍ ምን ያህል ይደክማል?)።

«ወንድሜ፣ ይቺ መስመር ምን ትሠራለች?»

«ቆማ ትጠብቃለች።»

«ምንም አትሠራማ! ላጥፋት?»

«አጥፋት። ስልክ ቁጥርህን ግን እዚህ ጋ ጻፍልኝ።»

«ለምን?»

«ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይህ ኮድ የሚያዘው ፓምፕ ራሱን በራሱ ሲያስነሣ የምንደውልለት ሰው ያስፈልጋላ!»

«አንተስ?»

«እኔማ ሰነዱን አንብቤያለሁ፤ እተኛለሁ።»